ጋሼ፣ አጥብቀው

ቆመ! መቆም ብቻ አይደለም፣ ተራመደ። መራመድ ብቻ አይደለም፣ ደረጃ ወጣ! ያውም መደገፊያውን ሳይነካ፣ በአንድ እጁ የጀሶ ማንኪያ ይዞ፣ በሌላው ባልዲ አንጠልጥሎ። ላይ ሲደርስ ደግሞ ዘወር ብሎ ጠቀሰኝ። አዎ፣ በዐይኑ ጠቀሰኝ! እኔም እዚያው ማሰልጠኛው በር ላይ እልልታዬን ለቀቅኩት። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ «እመቤት፣ ኧረ ውስጥ ትምህርት አለ!» አለኝ። «ይማሩ! ከዚህ የበለጠ ምን ሊማሩ ነው?» አልኩት።

ለካ የማን ወሬ እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ደስታ ሲበዛ ያስቀባጥራል። ደረጃውን የወጣው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ከጉልበቱ በታች ያለው ግራ እግሩ ሰው ሠራሽ ነው። እግሩን የሠራለት ባሌ ነው። እግሩን ያሳጣውም ባሌ ነው። በሉ እንግዲህ፣ አፌ ካመለጠኝ አይቀር ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጀሶ» ነው የሚለው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የኮርኒስ ጀሶ ሠራተኛ ስለነበር ቅንድቡም፣ የጆሮው ጀርባም፣ የጥፍሩ ሥርም ሁሌ ነጭ ነው። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ «ልጄ፣ ሰውዬው ጨዋ ይመስላል፤ ግን በዕድሜ አልገፋም?» አለችኝ። «እማ፣ ሽበት እኮ አይደለም፤ ሲታጠብ ይለቃል» አልኳት።

ታናሹን ደግሞ «ውሃ ልክ» ይሉታል። ውሃ ልክ ማለት ግንበኞች ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚያዩበት፣ ያ ውስጡ አረፋ ያለው መሣሪያ ነው። እሱ ግን መሣሪያ አያሻውም። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ቀና ይልና «ያ ጥግ ጣት ታህል ወርዷል» ካለ፣ ወርዷል። ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት የግድግዳ ፎቶ ያቃናል። ወንድማማቾቹ አብረው ነበር የሚሠሩት። ትልቁ ያቦካል፣ መወጣጫውን ያስራል፣ ያቀብላል። ትንሹ ላይ ወጥቶ ይለስናል።

አንድ ትልቅ አዳራሽ ሲሠሩ ነው ነገሩ የመጣው። አሠሪው ይቸኩላል። ጀሶ ደግሞ አንዴ ከተቦካ ሰው አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ባሌ የመወጣጫውን ጣውላ በማሰሪያ ሽቦ እያሰረ ነበር። ልማዱ ሽቦውን በፒንሳ ጠምዝዞ፣ ከዚያ ጣውላው ላይ ራሱ ቆሞ ዘሎ ዘሎ ሞክሮ ነው የሚለቀው። ያን ቀን ግን የባልዲው ጀሶ ሊደርቅበት ሆነና በእጁ ብቻ ጠመዘዘው፤ «ይበቃል» ብሎ ወረደ። ወንድሙ ወጣ። ጣውላው ከነሰውዬው ተገለበጠ፤ የመወጣጫው ብረትም ተከትሎ መጥቶ እግሩ ላይ አረፈ። ሐኪሞቹ ብዙ ታገሉ። እግሩን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

«ይበቃል።» ይህችን ቃል ባሌ ከዚያ ወዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሻይ ስቀዳለት እንኳ ሲሞላ እጁን ነው የሚያነሳው።

ሽቦውን ማን እንዳሰረው ከራሱና ከእኔ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናናው ይመጣል። «አይዞህ፣ ከላይ የታዘዘ ነው» ይሉታል። ያ ማጽናኛ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀርበታል። እንግዶቹ ሲሄዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና፣ «ከላይማ አልታዘዘም፤ እኔ ነኝ ከታች ያሰርኩት» ይለኛል።

«ታዲያ ለወንድምህ ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

እውነቱን ነው፤ ምን ተብሎ ይነገራል? ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የእናቱ ምርቃት ነበር። ውሃ ልክ ከሆስፒታል ሲወጣ እኛ ቤት፣ ከኋላ ያለችው ክፍል ገባ። አማቴ ከመንገዱ ማዶ ስለሆኑ በየቀኑ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር የባሌን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ታናሽህን የያዝክልኝ፣ እግር የሆንክለት፣ ክፉ አይንካህ» ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

የጫማውን ነገር ካነሳሁማ! ባሌ አዲስ ጫማ መግዛት አቆመ። ያለችው አንዷ ጫማ ሶሏ አፏን ከፍታ እስክትስቅ ድረስ አደረጋት። «ምን ሆነሃል፣ እንግዛ እንጂ» ስለው፣ «በእሱ ፊት ሁለት አዲስ ጫማ አድርጌ ልንጎማለል?» አለኝ። አንድ ጊዜ በስጦታ መጥቶለት አልጋ ሥር ደብቆት አገኘሁት። ሰው ገንዘብ ይደብቃል፣ ቂም ይደብቃል። የእኔ ባል ግን እግሩ ሁለት መሆኑን ነበር የሚደብቀው።

ኮርኒሱን ሁለተኛ አልነካም አለ። ወንድሙን ወደ ሆስፒታሉ የእጅና እግር መሥሪያ ወርክሾፕ ሲያመላልስ ከርሞ፣ አንድ ቀን እዚያው ሥራ ለመነ። ጀሶ የለመደ እጅ ይፈልጉ ስለነበር ተቀበሉት። ባልዲ ከማጠብ ጀምሮ ቀስ በቀስ አስተማሩት፤ ዓመታት ፈጅቶ ባለሙያ ሆነ።

እኔ መጀመሪያ ምሳ ላደርስለት ስገባ መደርደሪያውን አይቼ በቁሜ ደርቄያለሁ። ለመልክ ብቻ የተሠራ፣ ጥፍሩ ሳይቀር የሚያምር፣ ግን ማንኪያ የማያነሳ እጅ አለ። ከአጠገቡ ምንም መልክ የሌለው፣ ግን ባልዲ የሚሸከም መንጠቆ አለ። አንዲት ብቻዋን የተቀመጠች ጆሮ አለች፤ ሐሜት የምትሰማ ነው የምትመስለው። «ምን ያስደነግጥሻል? የፊት ጥርስሽስ የማን ነው?» አለኝ ባሌ። ይቺን ማን ጠየቀው! እውነት ግን ነው፤ የፊት ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው። ይኸው ስንት ዘመን ዳቦ ሲገምጥልኝ አንድ ቀን እንግዳ ነህ ብዬው አላውቅም።

ስለ እግር ደግሞ እንዲህ አስተማረኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጫማ ውስጥ የሚገባውን ነው። እሱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ዋናው «ሶኬት» የሚሉት፣ ከተቆረጠው በላይ የቀረው እግር የሚገባበት፣ ጥልቅ ኩባያ የሚመስለው ነው። ባሌ «ጉቶ» የሚለውን ቃል አይወድም፤ «ጉቶ የዛፍ ነው» ይልና «ቀሪው» ብሎ ይጠራዋል። መጀመሪያ ቀሪውን በረጠበ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልሉታል። ሲደርቅ ያወልቁትና ውስጡን በጀሶ ይሞሉታል። ፋሻው ሲላጥ ልክ ያንን ሰው የሚመስል ነጭ የጀሶ እግር ይወጣል። ጥበቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጅማትና ሥጋ ሸክም የሚችሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ጀሶውን ይሞርዱታል፤ ሶኬቱ እዚያ ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ። አጥንት ከቆዳ የተጠጋበት ቦታ ደግሞ ጀሶ ይጨምሩበታል፤ ሶኬቱ እዚያ እንዳይነካ። ከዚያ በምድጃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ያለብሱታል፤ ሲቀዘቅዝ ሶኬት ሆነ። ከሥሩ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ሥር የጎማ እግር።

እንግዲህ መሞረድ ማለት ማጥበቅ ነው፤ መጨመር ማለት ማላላት። አደራ፣ ይህችን ያዙልኝ።

ባሌ የሠራው እግር ስሙ ወጣ። በእሱ እግር ፖስታ የሚያድል ሰው አለ፤ በእሱ እግር ቀኑን ሙሉ ቆማ ፀጉር የምትሠራ ሴት አለች። የአንድ ሰው እግር ብቻ እምቢ አለ፤ የወንድሙ። አንዱን ሠራለት፣ ቆሰለ። አፍርሶ ሌላ ሠራ፣ ያም ቆሰለ። ውሃ ልክ ትንሽ ፊቱን ቋጠር ካደረገ ባሌ ሶኬቱን ነጥቆት ይሮጣል፤ ትንሽ ያሰፋና ይመለሳል። ውሃ ልክም «አሁን ደህና ነው፣ ጋሼ» ይላል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ክራንቹ ላይ ነው። ባሌ ታዲያ ያልተኛ ሰው ፊት ይዞ ይውላል፤ ራት ሲቀርብለት «እሱ በላ?» ሳይል አይቆርስም።

በዚህ መሃል ነው ዕድሉ የመጣው። እዚህ ቅርብ ያለው የሙያ ማሰልጠኛ የኮርኒስ ጀሶ አስተማሪ ፈለገ። የውሃ ልክን ዐይን የሚያውቅ አንድ የድሮ አሠሪ ስሙን ጠቆመ። ኃላፊው አነጋገረውና፣ «ሙያህን አልጠራጠርም። ግን ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመህ፣ ሁለት እጅህን ለቀህ ነው የምታሳየው። ክራንች ይዘህ ጀሶ አይለሰንም። ትምህርት ሲጀመር ቆመህ ከመጣህ ቦታው ያንተ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ እሰጣለሁ» አለው። ሰውዬው አልዋሸም። ውሃ ልክ ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር። ባሌ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ ቆሞ የራሱን ሁለት እግር ሲያይ በመስኮት አየሁት።

አዲስ ሶኬት ሠራለት፤ ውሃ ልክም ቤት ውስጥ ይለማመድበት ጀመር። በዚያው ሰሞን ከገመድ ላይ ካልሲ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ የባሌ ግራጫዎቹ ሄዱ። ቀጥሎ የእኔ ባለ አበባዎቹ። የጎረቤትን ውሻ ጠረጠርኩ። እንዴት ያለ ስድብ እንደሰደብኩት አልነግራችሁም፤ ባለቤቱም እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

እግሩ እንደገና የሚታይበት ቀን ምሳቸውን ይዤ ወርክሾፑ ሄድኩ። ውሃ ልክ በሁለቱ ረጃጅም የብረት መደገፊያዎች መሃል ቆሟል። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሰዎችን በአዲስ እግራቸው መሄድ የምታስተምረው ሴት አለች። ሁሉም «አራማጇ» ነው የሚሏት። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የወታደር ነው። ባሌ ጥግ ላይ ጀሶ የያዘ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ መልሶ ይጠርጋል።

«ሂድ» አለች አራማጇ። ሄደ። «ተመለስ።» ተመለሰ። «እስቲ አውልቀው።»

«ደህና ነው እኮ።»

«አውልቀው አልኩህ! ደግሞ ምን ያሽኮረምምሃል?»

አወለቀ። አራማጇ ቀሪውን ከሸፈነው ጨርቅ ላይ አንድ ካልሲ ሳበች። የባሌ ግራጫው። ሌላ ሳበች። ሌላ። ከዚያ የእኔ ባለ አበባው ወጣ! ከሥሩ ደግሞ የጠፋብኝ የሻሽ ቁራጭ።

ውሃ ልክ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ» አለ።

«የውሻውን ስም እኮ አጠፋሁ!» አልኩ። እኔ ሳቅኩ፤ ከእኔ በቀር የሳቀ የለም። ቆዳው ተልጦ ነበርና።

አራማጇ ወደ ባሌ ዞረች። «ጀሶ፣ ይህ ሶኬት ሁለት ሰው ያስገባል። ጫማ ሲሰፋህ ተረከዝህን አይልጥህም? እግርም እንደዚያው ነው፤ የሚያቆስለው የላላው ነው። ይህን አንተ ነህ ለሌሎቹ የምታስተምረው። ታዲያ የእሱን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ባሌ። «ሞረዱን ሳነሳ... እዚህ ጋ ያመዋል እላለሁ። ትንሽ ጀሶ እጨምራለሁ። እዚያ ጋም ያመዋል እላለሁ። ትንሽ እጨምራለሁ።»

«ለሌላው ሰው እግር ትሠራለህ። ለወንድምህ ይቅርታ ነው የምትሠራለት። እሱ ደግሞ ሰው አይሸከምም» አለችው።

ባሌ የጀሶው ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። «ሽቦውን...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለ ውሃ ልክ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አንተ እንዳሰርከው። እኔና አንተ ብቻ ነበርን፤ ድመት ናት ያሰረችው?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንተስ? ደግሞ እንደዚያ ፊትህ ጠቁሮ እግር ስታመጣልኝ፣ እንዴት ብዬ ላላ ልበልህ? በካልሲ ይሻላል ብዬ ነዋ።»

ባሌ ቀና አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ ጠበቀ። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ያ «አይዞህ፣ ከላይ ነው» የሚለው አጥንት እንደገና ጉሮሮው ላይ እስኪሰነቀር ነበር የሚጠብቀው።

«አዎ፣ ያንተ ነው» አለ ውሃ ልክ።

እኔ የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጥኩ። አራማጇ እንኳ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

«ያንተ ጥፋት ነው። ተናድጄብህ ነበር። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እረሳውና ልረግጥ ስል እናደድብሃለሁ። እሱ የራሴ ጉዳይ ነው፣ ለእኔ ተውልኝ። አሁን ግን፣ ጋሼ፣ አጥብቀው።»

ባሌ አለቀሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ «በል እዚህ ጋ አውርደው» የተባለ ሰው ነበር የሚመስለው። ያ ሁሉ ሰው ሸክሙን «የለም፣ የለም» ሲለው ነው የኖረው። ታናሹ ብቻ «አለ» አለው።

አራማጇ ቁስሉ እንደዳነ ሌላ ባለሙያ ይያዘው ብትል ውሃ ልክ እምቢ አለ። «እሱ ነው ያላላው፣ እሱ ያጥብቀው።» እንደገና ተጠቀለለ፣ እንደገና ተሞላ። ባሌ ሲሞርድ ውሃ ልክ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይጠብቀዋል።

«ጋሼ፣ እጅህ ወደ ዱቄቱ ሄደ!»

«አልሄደም!»

«ሄደ! አየሁት እኮ! መልስ!»

«አጥንቱ ላይ ነው የምጨምረው፤ እዚያማ ይጨመራል! ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«እሺ አጥንቱ ላይ። ሎሚው ሥር ከጨመርክ ግን ለእማዬ እነግራለሁ።»

ሶኬቱ ተሠርቶ ሲገባ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠቅ ብሎ ገባ። ውሃ ልክ ፊቱን ቋጠር አደረገ። ባሌ እጁን ሊሰድ ሲል አራማጇ ክንዱን ያዘችው።

«ያማል?» አለ ባሌ።

«ይይዛል።»

«ያማል ወይ ነው ያልኩህ?»

«ይይዛል አልኩህ!»

ውሃ ልክ መስታወቱ ፊት ቆመ፣ አንድ ዐይኑን ጨፈነ፣ ዳሌውን ልክ እንደ ኮርኒስ አየው። «ልክ ነው» አለ። እሱ ልክ ነው ካለ ልክ ነው።

ዛሬ ጠዋት የትምህርቱ መጀመሪያ ነበር። ባሌ አልመጣም። «አልችልም። ሲወጣ ቆሜ ማየት አልችልም፤ አንቺ እይልኝ» አለኝ። አየሁለት! ከማሰልጠኛው በር እስከ ወርክሾፑ ድረስ በእኔ ዕድሜ መሮጥ ነውር ካልሆነ፣ ሮጬ ነው የደረስኩት። የሌላ ሰው እግር እየሞረደ ነበር። ቀና አላለም።

«ወጣ?»

«ወጣ!»

«መደገፊያውን ያዘ?»

«ባልዲ ነው የያዘው! ባልዲ!»

ሞረዱን አስቀመጠ። ፊቱ በራ፤ እውነት በራ። ግን እንዳሰብኩት አልጨፈረም። ነጭ እጁን እያየ፣ «የራሱ እግር ቢሆን ሮጦ ነበር የሚወጣው» አለ። ይቺ ከእሱ ጋር እንደምትኖር ያን ጊዜ ገባኝ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት፤ ሲሞላ አሁንም እጁን ነው ያነሳው። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ለእማዬ እግሩን አንቺ ንገሪያት። ሽቦውን ከሥራ ስወጣ እኔው ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ» አለኝ።

ይኸው ቤቴ ተቀምጬ እየጻፍኩ የምጠብቀው ለዚህ ነው። አማቴ ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ አይሆንም፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይተኛሉ፤ ከእንቅልፍ የቀሰቀሳቸውን የልጅ ልጅ እንኳ አይምሩም። ከባሌ ቀድሜ ግን መድረስ አለብኝ። ደስታው ቀድሞ ይግባና ወንበር ይያዝ፤ ሽቦው ሲመጣ ቢያንስ ብቻቸውን አያገኛቸውም። የባሌን ራስ እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው ይይዙት እንደሆነ አላውቅም። አሁን ግን ደረጃውን ነው የምነግራቸው፣ ባልዲውን፣ ጥቅሻውን።

አሃ፣ ማዶ መጋረጃው ተከፈተ! ተነስተዋል። ሻርፔስ? አንዱ ካልሲዬስ የት ገባ? ይቅር፣ ያለ ካልሲ ሄድኩ!